የጾም ምግብ ብቻ እየበላሁ ለምን ወፈርኩ?

የቱሉዋ (ሰኔ 4፣ 2017)

ሰላም ናችሁ ወገኖች። እስኪ ምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ በናታችሁ፣ ግራ ገብቶኛል። አምና ሁዳዴ ሲገባ ከስጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላል ከሁሉም ተለየሁ፣ ፋሲካ ደርሶ ቤቱ ሁሉ ሲፈስክ እኔ የዶሮ ወጡ ሽታ ራሱ አልስማማ አለኝና በዛው ቀረሁ። ይኸው 15 ወር ሆነኝ፣ አንድ ቀን እንኳን አልቀመስኩም። ሰው ሁሉ «አንቺማ መክሳትሽ ነው፣ የጾም ምግብ ምን አለው» ነበር ሚለኝ፣ እኔም እንደዛ ነበር ማስበው። ስጀምር 76 ኪሎ ነበርኩ። ባለፈው ሰኞ ታናሽ እህቴን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄጄ እዛው ሚዛን ላይ ወጣሁ፣ 82! ሚዛኑ ተበላሽቶ ነው ብዬ ወርጄ ደግሜ ወጣሁ፣ ያው ነው። ቁመቴ 1 ሜትር ከ60 ነው፣ እድሜዬ 34።

ምበላውን ልንገራችሁ። ጠዋት ዳቦ በሻይ ወይ ፍርፍር፣ ሻዩ 3 ማንኪያ ስኳር አለው። ስራዬ ሂሳብ ነው ቁጭ ብዬ ነው ምውለው፣ 4 ሰዓት ላይ ሳምቡሳ ወይ ቦምቦሊኖ በሻይ እንጠጣለን። ምሳ በየዓይነቱ ወይ ተጋቢኖ። ማታ ቱሉ ዲምቱ ስደርስ ብዙ ጊዜ 2 ሰዓት ይሆናል፣ የታክሲውን ሰልፍ ታውቁታላችሁ፣ በጣም ርቦኝ ነው ምገባው እና እህቴ የሰራችውን ሽሮ ወይ ምስር በእንጀራ፣ አንዳንዴ ፓስታ እበላለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ አቮካዶ ጁስ እወዳለሁ። በቃ ይሄው ነው። ቅቤ የለ፣ ስጋ የለ፣ ታዲያ ኪሎው ከየት ነው ሚመጣው?

እናቴ ስታየኝ «ተመችቶሻል» ትላለች ደስ ብሏት፣ እኔ ግን ውስጤ አልተመቸኝም። ምንኖረው 4ኛ ፎቅ ላይ ነው፣ 3ኛው ላይ ቆሜ ትንፋሼን ሰብስቤ ነው ምቀጥለው፣ ውሃ ጠፍቶ ጀሪካን የያዝኩ ቀን ደሞ ሁለቴ ሶስቴ ነው ምቆመው። ይደክመኛል፣ ፀጉሬም ማበጠሪያው ላይ እየቀረ ነው። አንድ ሱቅ የማቅጠኛ ሻይ ሸጡልኝ፣ ጠጣሁት፣ ለ4 ቀን ሆዴን ሲቆርጠኝ ሽንት ቤት ስመላለስ ሰነበትኩ፣ 2 ኪሎ ቀነሰልኝ ብዬ ደስ ሲለኝ በሳምንቱ ከነ ወለዱ ተመለሰ። ጂም በቅርብ የለም፣ ቢኖርም ለሱ ምከፍለው የለኝም። ወደ ስጋ መመለስ ግን አልፈልግም፣ እሱን እንዳትሉኝ። ስጋ ሳይበሉ በጾም ምግብ ብቻ መቀነስ ይቻላል ወይ? የቀነሰ ሰው ካለ እንዴት እንዳረገ ይንገረኝ።

ቢኒ ከቡራዩ

እህት አይዞሽ፣ ይቻላል። እኔ ስጋ እበላለሁ ግን የቀነስኩት በጾም ወራት ነው፣ 11 ኪሎ በ8 ወር። መጀመሪያ አንቺ ያልሽው ነገር እኔንም አሳስቶኝ ነበር፣ ጾም ማለት ቀላል ምግብ ማለት ይመስለናል። እስኪ አስቢው፣ ስኳር ጾም ነው፣ ዘይት ጾም ነው፣ ፉርኖ ዱቄት ጾም ነው፣ ብስኩት ቺፕስ ለስላሳ ሁሉም ጾም ነው። ሳምቡሳ ውስጡ ምስር ስለሆነ ምስር የበላን ይመስለናል እንጂ ዘይት ውስጥ ተነክሮ የወጣ ሊጥ ነው፣ ቦምቦሊኖ ላይማ ምስሩም የለም። እኔ ጋ ትልቁ ችግር ለስላሳ ነበር፣ ባለ 300 ሚሊዋ ጠርሙስ 32 ግራም አካባቢ ስኳር አለባት፣ በሻይ ማንኪያ 8 ማለት ነው፣ በቀን ሁለት እጠጣ ነበር። ወደ አምቦ ውሃ ቀየርኩ፣ እሱ ብቻ በመጀመሪያው ወር ሱሪዬን አሰፋልኝ።

የ4 ሰዓቷን ነገር በቆሎ ቀይሪያት፣ ገብስ ከሽምብራ ተደባልቆ፣ በላስቲክ ቋጥረሽ ከቤት ይዘሽ ሂጂ። ግን ለክተሽ፣ አንድ እፍኝ። እኔ መጀመሪያ ቆሎ ጤናማ ነው ብዬ ጠረጴዛዬ ላይ ሙሉ ሳህን አስቀምጬ ስቆረጥም እውል ነበር እና ሚዛኑ አልነቃነቅ አለኝ። ኦቾሎኒ ደሞ ከዛም ይብሳል፣ 100 ግራሙ ከ550 ካሎሪ በላይ ነው።

ጀሞ 2

የኔ ምክር አጭር ነው፣ እንጀራ አቁሚ። ሁሉም ውፍረት ከእንጀራ ነው፣ በሱ ፋንታ ሩዝ ብዪ። እና ይቅርታ አድርጊልኝ ግን ፀጉርሽ ሚረግፈው ስጋ ስለተውሽ ነው፣ ሰውነት ያለ ስጋ አይሆንም፣ በሳምንት አንዴ እንኳን ብትበዪ ይሻላል።

ነርስ ነኝ ከለገጣፎ

ሰላም የቱሉዋ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ ነው ያነበብኩት ምክንያቱም ክሊኒካችን ሚመጡ ብዙ እናቶች ልክ አንቺ ያልሽውን ነው ሚሉት። ረዘም ስለሚል ታገሺኝ።

መጀመሪያ ጀሞ 2 ላለው፣ ሩዝ ከጤፍ አይቀልም። ጤፍም ሩዝም ፓስታም ስንዴም ደረቁ 100 ግራም ከሞላ ጎደል ከ340 እስከ 370 ካሎሪ ነው፣ ልዩነታቸው ጤፍ ላይ አሰሩ ማለትም ፋይበሩና አይረኑ ይሻላል፣ ነጭ ሩዝ ደሞ ቶሎ ተፈጭቶ ቶሎ ያስርባል። ስለዚ እንጀራን ከቤት ማባረር ሳይሆን መጠኑን ማወቅ ነው። ጋጋሪያችሁን ጠይቂያት፣ ከአንድ ኪሎ ዱቄት ስንት እንጀራ ይወጣል? 7 ከወጣ አንዱ እንጀራ ከ500 ካሎሪ በላይ ነው ማለት ነው። ርቦሽ ገብተሽ አንድ ተኩል ስትበዪ ወጡን ሳንቆጥር ከ750 አለፍሽ።

ግን እኔን በጣም ያሳሰበኝ እንጀራው አደለም፣ ዘይቱ ነው። ዘይት ላይ ምንም ያልጻፍሽው ዘይት እንደ ምግብ ስለማይቆጠር ነው፣ ሁላችንም አንቆጥረውም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ነው። የሱፍ ይሁን፣ የኑግ ይሁን፣ የሚረጋው የፓልም ይሁን በካሎሪ እኩል ናቸው፣ የፓልሙ ወደ ግማሽ ሚሆነው ሚረጋ ስብ ስለሆነ ለልብ ይብሳል እንጂ «ጥሩ ዘይት ነው ምጠቀመው አያወፍርም» ሚባል ነገር የለም። ስጋ ሲቀር ደሞ ምን እናረጋለን፣ ወጡ ጣዕም እንዳያጣ ዘይቱን እንጨምራለን። ስለዚ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ፣ ባለ 5 ሊትሯ ጀሪካን እቤታችሁ ስንት ቀን ትቆያለች? ስንት ሰው ነው ሚበላው? እሱን ንገሪኝና አብረን እናሰላዋለን።

ስኳሩን ላስላልሽ። በቀን 4 ሻይ ምትጠጪ ከሆነ በ3 ማንኪያ 12 ማንኪያ፣ አንዱ ማንኪያ 4 ግራም ነው፣ 48 ግራም። የዓለም ጤና ድርጅት 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ከ50 ግራም በታች ይላል፣ ወደ 25 ቢወርድ ደሞ የበለጠ ጥሩ ነው ይላል። አንቺ በሻይ ብቻ ጣራው ላይ ደርሰሻል፣ ጁሱና ቦምቦሊኖው ገና አልተቆጠረም።

ድካሙና ፀጉሩ ግን በግምት ሚታለፍ አደለም። ተመርመሪ እህቴ። ደም ማነስ (ሄሞግሎቢን)፣ ታይሮይድ፣ ስኳር፣ ግፊት፣ ከተቻለም ቫይታሚን ቢ12። ቢ12 በእህልና በአትክልት ውስጥ የለም፣ እንጀራው ስለቦካ ይኖረዋል ሚሉ አሉ ግን በሱ መተማመን አይቻልም። ሰውነት የድሮ ክምችት ስላለው ወዲያው አይታወቅም፣ ቀስ ብሎ ነው ሚያልቀው፣ ሲያልቅ ድካም፣ እጅና እግር መጠዝጠዝ፣ ደም ማነስ ያመጣል። ስጋም ወተትም እንቁላልም ለሁልጊዜ ከተውሽ በኪኒን መውሰድ ግዴታሽ ነው፣ ይሄ ለድርድር አይቀርብም። አይረኑ ደሞ ጤፍና ምስር ውስጥ አለ ግን እንደበላሽ ሻይ ወይ ቡና ስትጠጪበት ሰውነትሽ ብዙውን ሳይወስደው ይቀራል። ሻዩን ቢያንስ አንድ ሰዓት አርቂው፣ ጎመኑና ምስሩ ላይ ሎሚ ጨምቂበት፣ ሎሚው አይረኑ እንዲገባ ይረዳል።

ሌላ ደሞ እዚህ መመለስ የለብሽም ግን ለራስሽ አስቢው፣ የሶስት ወር መርፌ ምትጠቀሚ ከሆነ አንዳንድ ሴቶች ላይ ኪሎ ይጨምራል። ከሆነ ሌላ ዘዴ ስላለ ሳታቋርጪ መጀመሪያ ከባለሙያ ጋር ተነጋገሪ። የማቅጠኛ ሻይ ያልሽው አብዛኛው ሚያስቀምጥ ቅጠል ነው ያለበት፣ የቀነሰው ውሃሽ ነው፣ ስቡ ቦታው ላይ ነው ያለው። ዳግመኛ እንዳትነኪው።

ክብደትሽ ለቁመትሽ ሲሰላ 32 ነው ሚመጣው፣ ከ30 በላይ ከልክ ያለፈ ውፍረት ይባላል። ይሄን ላስደነግጥሽ አደለም። ከ82ቱ 4 ኪሎ ብቻ ብትቀንሺ ለግፊትና ለስኳር ከወዲሁ ጥቅም አለው። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ይበቃል፣ ከዛ በላይ አትሩጪ።

የሱሉልታዋ እናት

ልጄ እንደምን አለሽ። ነርሷ ልጄ ያለችውን ሰማሁ፣ እውነት ነው፣ እኔ 61 ዓመቴ ነው፣ ግፊት አለብኝ፣ ሐኪሙ ዘይት ቀንሺ ሲለኝ ወጥ ያለ ዘይት ምን ወጥ ነው ብዬ ተናድጄ ነበር የወጣሁት። አሁን ግን ልጆቼም የኔን ወጥ ነው ሚመርጡት። እንዴት እንደምሰራው ልንገርሽ።

ቀይ ሽንኩርቱን አድቅቀሽ ክተፊው፣ መድቀቁ ነው ዋናው፣ ብዛት ይኑረው። ድስቱን ደረቁን ጣጂ፣ ዘይት የለም፣ ሽንኩርቱን ጨምረሽ እሳቱን ቀንሰሽ ክደኚው። ከራሱ ውሃ ያወጣል። እያማሰልሽ፣ ሊይዝ ሲል የፈላ ውሃ ጠብ አድርጊበት፣ በጣም ትንሽ፣ ደግሞ ሲመጥ ጠብ። አትቸኩዪ። ግማሽ ሰዓት ይፈጅ ይሆናል፣ ሽንኩርቱ ቀልጦ ቡኒ ሆኖ ድስቱ ስር እንደ ማር ሲለጠጥ ያን ጊዜ በርበሬውን አግቢ፣ አሁንም ጠብ እያረግሽ፣ እንዳያር። ነጭ ሽንኩርት ዝንጅብሉን ጨምሪ። ቁሌቱ እንዲህ ከበሰለ ጣፋጩ ከሽንኩርቱ ይመጣል፣ ዘይት አይለምንም። ምስሩን ጨምረሽ በስሎ ሲንተከተክ፣ ልታወጪው ስትይ፣ ለ4 ሰው ድስት ሁለት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ከላይ፣ መከለሻውን ነስንሰሽ ክደኚው። መጨረሻ ላይ የገባ ዘይት ላይ ላዩን ስለሚሆን አፍሽ ያገኘዋል፣ መጀመሪያ የገባው ግን ሽንኩርቱ ጠጥቶት ይጠፋል፣ አልታይ ሲል ደግመሽ ትጨምሪያለሽ። እኛ እናቶቻችንም እንዲሁ በደረቁ ነበር ሚያቁላሉት፣ ዘይት በጀሪካን ኋላ የመጣ ነው።

ሽሮውም እንዲሁ። ቁሌቱ ላይ ውሃ አድርገሽ ሲፈላ ሽሮውን እየነሰነስሽ አማስዪ፣ በቀስታ ይንተክተክ፣ ቃሪያ ከላይ። ወጡ ላይ ዘይት ሲንሳፈፍ ካላየን እንግዳ ያፍርብናል ምንለው ነገር አለ፣ እሱን ተዪው ልጄ።

አዚፋ ትወጃለሽ? ድፍን ምስር ቀቅለሽ ትንሽ አድቅቀሽ፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ሰናፍጭ፣ ሎሚ። እሳት የለ፣ ዘይት የለ፣ ጠዋት ሰርተሽ ለስራ ትይዢዋለሽ። ጠዋት ደሞ ዳቦውን ትተሽ የባቄላ ወይ የሽምብራ ንፍሮ ብዪ፣ ማታ ነክረሽ ታድሪያለሽ። ንፍሮ የበላ ሰው 4 ሰዓት ላይ ሳምቡሳ አያምረውም፣ እኔ ምስክር ነኝ።

ተዋህዶ ልጅ

ወንድሞችና እህቶች እኔ አንድ ነገር ልበል፣ ማንንም ለማስቀየም አደለም። ጾም ለኪሎ መቀነሻ አልተሰራም። ጾመ ሐዋርያት ላይ ነን አሁን፣ ነሐሴ 1 ፍልሰታ ይገባል፣ እነዚህን ሰው እንደ ዳይት እያየ ሲሄድ ያሳዝነኛል። ምግብሽን ለጤናሽ ማስተካከል ሌላ፣ ጾም ሌላ ነው፣ ሁለቱን ለይተሽ ያዢ። ጥያቄሽ ግን ተገቢ ነው ምክንያቱም ብዙዎቻችን እስከ 9 ሰዓት ቆይተን ስናፈጥር የቀኑን ሁሉ ባንዴ እንበላለን፣ የጾም በርገር የጾም ኬክ እያልን ከፍስኩ የበለጠ ምንጠግብበት ጾም ሆኗል። በሁዳዴ 55 ቀን ወፍሮ ሚወጣ ሰው አለ። ድሮ በንፍሮና በቆሎ ነበር ሚጾመው። እማማ ያሉት ንፍሮ ለነፍስም ለስጋም ሚሆን ነው።

ቢኒ ከቡራዩ

@ተዋህዶ ልጅ እውነትህን ነው፣ እሷም ግን ጾሙን ለኪሎ ብላ አልያዘችም እኮ፣ ስጋ አልስማማ ብሏት ነው የተወችው። ስለ 9 ሰዓቱ ያልከው ግን ልክ ነህ፣ እኔም ስጾም ማፍጠሪያዬ ላይ መጀመሪያ ውሃና ንፍሮ ነው ምወስደው፣ 15 ደቂቃ ቆይቼ ነው እንጀራ ምቀርበው፣ አለዚያ እጄ አይቆምም።

የቱሉዋ (ሰኔ 7)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እማማ እርሶን ደሞ በተለይ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ነርሷ የጠየቅሽኝን ጀሪካን ትላንት ቆጠርኩት። እህቴን «ዘይቱ መቼ ነው የተገዛው» ብላት ከደሞዝ በኋላ ነው አለች፣ ደረሰኙ ራሱ መሳቢያ ውስጥ ነበር። 5 ሊትሩ በ30 ቀን ያልቃል፣ ሶስት ነን፣ እኔ ባለቤቴና እህቴ። ባለቤቴ ስጋውን ውጪ ነው ሚበላው፣ እቤት የጾም ብቻ ነው ሚበስለው። ከዛ ማታ እህቴ ወጥ ስትሰራ አጠገቧ ቆሜ አየሁ፣ ጀሪካኑን አንስታ በቀጥታ ድስቱ ውስጥ ገለበጠችው፣ ቦጭ ቦጭ ቦጭ ሶስት ጊዜ፣ ማንኪያ የለ ምን የለ። «ቆይ» ብዬ በባዶ ድስት ውስጥ እንደዛው ገልብጪልኝ አልኳትና በማንኪያ ቆጠርነው፣ 9 የሾርባ ማንኪያ! ለአንድ ሽሮ! እሷም ደነገጠች እኔም ደነገጥኩ። እሷ ላይ ምፈርደው ነገር የለም፣ እኔም ስሰራ እንደዛው ነው ምገለብጠው።

ነርስ ነኝ ከለገጣፎ

ይሄ ነበር ምፈልገው! አሁን አስዪው፣ 5 ሊትር ለ30 ቀን ለ3 ሰው ሲካፈል ለአንድ ሰው በቀን 55 ሚሊ ይደርሳል፣ ወደ 4 የሾርባ ማንኪያ ሊጠጋ ነው፣ 450 ካሎሪ አካባቢ። ይሄ እቤት ያለው ብቻ ነው፣ የምሳሽ በየዓይነቱና የሳምቡሳው ዘይት አልገባበትም። በግማሽ ብትቀንሱት ብቻ፣ ሌላ ምንም ሳትነኪ፣ የወሩ ሲጠራቀም አንድ ኪሎ ስብ ሊሆን ትንሽ ነው ሚቀረው፣ አንድ ኪሎ ስብ 7700 ካሎሪ አካባቢ ስለሆነ። እንዲህ አድርጉ፣ ጀሪካኑ ላይ በእስክሪብቶ ግማሹ ጋ መስመር አስምሩ፣ ወሩ ሲያልቅ ዘይቱ ከመስመሩ በታች መውረድ የለበትም።

ሳህንሽን ደሞ ገልብጪው። አሁን እንጀራው ብዙ ወጡ ትንሽ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ግማሽ እንጀራ፣ ምስርና ክኩን ጨምሪ፣ ጎመን ጥቅል ጎመን ቀይ ስር ከሳህኑ ግማሹን ይያዝ። አንድ ትልቅ ብርጭቆ የተቀቀለ ምስር፣ 200 ግራም ገደማ፣ 230 ካሎሪ ብቻ ሆኖ 18 ግራም ፕሮቲን ይሰጥሻል፣ አሰሩም ብዙ ስለሆነ ጥጋቡ ይቆያል። ስጋ ያልበላ ሰው ይሄን ካልበላ ጡንቻው ነው ሚቀንሰው።

እንቅስቃሴ ላይ ጂም አያስፈልግሽም። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ፣ በቀን 30 ደቂቃ ለ5 ቀን ማለት ነው። ሲመሽ ከታክሲ አንድ ፌርማታ ቀድመሽ መውረድ ትችያለሽ፣ ግን ብርሃን ባለበት ብቻ። እዚህ ዳር ዳር ላለን ሰዎች ጠዋት 11 ሰዓት ተነስቶ መሄድ ሚባለውን አልመክርም፣ ውሻውም አለ፣ ጅቡም አለ፣ ለሴት ደሞ ጨለማው ራሱ አይታመንም። ከምሳ በኋላ በስራ ቦታ ዙሪያ 15 ደቂቃ፣ ማታ ደረጃውን ቀስ ብለሽ ሁለቴ፣ ይበቃል ለመጀመሪያ።

ጀሞ 2

ነርሷ ስለ ሩዙ ያልሽውን ተቀብያለሁ፣ እኔ እንጀራ ትቼ ሩዝ በዘይት ነበር ምበላው እና ለምን እንዳልቀነስኩ አሁን ነው የገባኝ። አንድ ጥያቄ አለኝ፣ እናቴ ስኳር አለባት፣ ኪኒን ትወስዳለች፣ ፍልሰታን ልጹም እያለች ነው እስከ 9 ሰዓት። ኪሎም ትቀንሺያለሽ ብለዋት ተደስታለች። ችግር አለው?

ነርስ ነኝ ከለገጣፎ

አለው ወንድሜ፣ እባክህ ዝም ብለህ እንዳትተዋት። ኪኒኑ የትኛው እንደሆነ ይወስነዋል። ግሊቤንክላማይድ ሚባለውን ወይ ኢንሱሊን ወስዳ ሳትበላ ከዋለች ስኳሯ ወርዶ ልትወድቅ ትችላለች፣ ላብ ላብ ሲላት፣ ሲያንቀጠቅጣት፣ ስትደነጋገር ካየህ ወዲያው ስኳር በውሃ በጥብጠህ ስጣት፣ ራሷን ከሳተች ግን በአፏ ምንም ሳትሰጥ ወደ ጤና ተቋም አድርሳት። ሜትፎርሚን ብቻ ከሆነ አደጋው ትንሽ ነው ግን እሱንም ከሐኪሟ ጋር ትነጋገርበት። ከጾሙ በፊት ሄዳ ሰዓቱንና መጠኑን ያስተካክሉላት።

ተዋህዶ ልጅ

በዚህ ላይ ልጨምር፣ የታመመ ሰው ለንስሐ አባቱ ይንገር። ቤተክርስቲያን በሽተኛን በግድ ጹም አትልም። ሰዓቱን አቅልለውላት ከጥሉላት ብቻ እንድትጾም ሊፈቅዱላት ይችላሉ። እናትህን አንተው ይዘሃት ሂድ፣ ብቻዋን ስትሆን «ምንም አልሆንም» ነው ምትለው።

የቱሉዋ (ሐምሌ 20)

ይኸው ተመልሼ መጣሁ። ምርመራዬን አደረኩ። ታይሮይዴ ደህና ነው፣ ስኳርም የለብኝም፣ ሄሞግሎቢኔ ግን 10.8 ነው የወጣው፣ ለሴት ከ12 በታች ደም ማነስ ነው አሉኝ። አይረን ኪኒን አዘውልኛል፣ ቢ12ም ጀምሬያለሁ። ያን ሁሉ ጊዜ ድካሙን ከውፍረቱ ነው እያልኩ ስበሳጭ፣ ደም አንሶኝ ነበር ለካ። አይረኑ ሆዴን ትንሽ ያደርቀዋል ግን በንፍሮው ተስተካክሏል። ሻይ አሁን በቀን ሁለት፣ አንድ ማንኪያ ስኳር፣ ከምግብ ራቅ አድርጌ። የመጀመሪያው ሳምንት በጣም ነው ራሴን ያመመኝ፣ ከዛ ለመድኩት።

የእማማን ቁሌት ሶስተኛው ሙከራ ላይ ነው የተሳካልኝ። የመጀመሪያው አረረብኝ፣ ቸኩዬ እሳቱን ከፍ አድርጌው ነው። ሁለተኛው ውሃ አብዝቼበት ሾርባ ሆነ። ሶስተኛው ላይ እሁድ ነበር ጊዜ ነበረኝ፣ ድስቱ ስር ቁጭ ብዬ ጠብ ጠብ እያረኩ፣ ያ እንደ ማር ሚለጠጠውን ሳየው እህቴን ጠርቼ አሳየኋት። ባለቤቴ በልቶ ሲጨርስ «ቅቤ አረግሽበት እንዴ» አለኝ፣ ሁለት ማንኪያ ዘይት ብቻ ነበር ያለው።

ጀሪካኑ ላይ መስመሩን አስምረን ነበር፣ በመጀመሪያው ወር በልጠን አልፈነዋል፣ እንግዶች ነበሩብን። በሁለተኛው ግን እስከ ዛሬ ከመስመሩ በላይ ነን። ኪሎዬ 79.1 ገብቷል፣ ወገቤ 98 ሴንቲ ነበር 94 ሆኗል። ባለፈው ሳምንት ምንም አልቀነስኩም፣ እንደውም 200 ግራም ጨመርኩ እና ከፍቶኝ ነበር፣ ግን ትላንት ውሃ ጠፍቶ ከታች አንድ ጀሪካን ይዤ ስወጣ 3ኛ ፎቅ ላይ ሳልቆም አለፍኩ፣ በር ላይ ስደርስ ነው ትዝ ያለኝ።

እማማ አሁን ፍልሰታ ሊገባ ነው፣ ስልጆ እንዴት እንደሚዘጋጅ ቢነግሩኝ፣ የባቄላ ዱቄቱ አለኝ ሰናፍጩንም ገዝቻለሁ፣ ስንት ቀን ነው ሚቦካው?

የሱሉልታዋ እናት

ደስ ብሎኛል ልጄ፣ ደስ ብሎኛል። በሁለተኛው ሳትተዪው ሶስተኛ መሞከርሽ ነው ደስ ያለኝ። የባቄላ ዱቄቱን መጀመሪያ በውሃ እያማሰልሽ እንደ ገንፎ ቀጠን አድርገሽ አብስዪው፣ ጥሬ ጥሬ እንዳይሸት በደንብ ይብሰል። ከእሳት አውጥተሽ በደንብ ይቀዝቅዝ፣ ሰናፍጩን ከሞቀ ላይ ካደረግሽው ጉልበቱ ይጠፋል። ሰናፍጩን በውሃ በጥብጠሽ ጨምሪበት፣ ነጭ ሽንኩርትና ጨው። ንጹህ ማሰሮ ውስጥ ክደኚና ሶስት አራት ቀን ይቀመጥ፣ አሁን ክረምት ነው ብርድ ስለሆነ አምስትም ሊፈልግ ይችላል፣ ጠዋት ጠዋት ቅመሺው፣ ኮምጠጥ ሲልሽ ደርሷል። ዘይት አታድርጊበት። ለእህትሽም አሳዪያት።